የቅርቡ ድምፅ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለ ወረዳና ስለ ቀበሌ ምርጫ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ወረዳና ስለ ቀበሌ ምርጫ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ቶሎ እሺ አላልሁም። ያመነታሁበት ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ብዙዎቻችን የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ራዲዮኑን ከበን የምናመሽ፣ የወረዳችን ምክር ቤት አባል ማን እንደሆነ ብንጠየቅ ግን ስሙን ለማስታወስ የምንቸገር ሰዎች መሆናችንን ስለማውቅ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የራሴ ነው። እኔ በሦስት የምርጫ ዘመኖች በድምፅ መስጫ ጣቢያ ተቀምጬ የሌላውን ሰው ድምፅ ቆጥሬአለሁ፤ በአካባቢ ምርጫ የራሴን ድምፅ ግን አንድ ጊዜም አልሰጠሁም። ራሱ ያላደረገውን ለሌላው የሚያስተምር መምህር ምን ያህል እንደሚከበር እናንተ ታውቃላችሁ። በመጨረሻ እሺ ያልሁት፣ ጥፋትን በግልጽ መናገርም ከማስተማሪያ መንገዶች አንዱ ነው ብዬ ስላሰብሁ ነው።

ነገሩን ከአንድ ትዝታ ልጀምር። በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በተካሄደ ጊዜ በአንድ የደጋ ቀበሌ የምርጫ ጣቢያ ኀላፊ ነበርሁ። ጣቢያው እንደ ብዙዎቹ ጣቢያዎች የትምህርት ቤት ክፍል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የምናስተምርበት ጥቁር ሰሌዳ ከኋላችን ነበረ። ከረፋዱ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ባና ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ወረቀቱን ከሰጠኋቸው በኋላ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አዩና ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ከእነዚህ ውስጥ የምንጩን ነገር የሚያየው የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምርጫ አስፈጻሚ ስለ ዕጩ አንድም ቃል መናገር የተከለከለ ነውና፣ «እማማ፣ ይህን ልነግርዎ አልችልም» አልኋቸው። መልሱ ሕጉን የተከተለ ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉ ባይከለክለኝ ኖሮም የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም። ከዕጩዎቹ መካከል ስለ ምንጩ አስቦ የሚያውቅ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። የሚጠጡት ውኃ እኔና ተማሪዎቼም የምንጠጣው ውኃ ነበር።

እኚያ እናት በአንድ ጥያቄ የአካባቢ ምርጫን ፍሬ ነገር ተናግረውታል። የአገር ምርጫ ስለ ጦርና ስለ ሰላም፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ ይወስናል፤ ታላቅ ጉዳይ ነው። የአካባቢ ምርጫ ግን ስለ ምንጩ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ጤና ኬላውና ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ የሚወስነውን ሰው የሚመለከት ነው። ሰው በየቀኑ የሚኖረው ደግሞ ከእነዚህ ጋር ነው።

ምናልባት ከመካከላችን «ምርጫ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው፤ የእኛ አገር ሰው የለመደው ሹመትን ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረትም የዚህ አስተሳሰብ ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። ነገር ግን የራሳችንን አገር ታሪክ ብንመረምር ሌላ ምስክር እናገኛለን። እርሱም ከመሐል ሜዳ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው ጓሳ ነው።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ብርዳማ የሣር አገር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ስለሆነ ዛሬ በዓለም ዘንድ ይታወቃል። ለመንዝ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቤት ክዳን፣ የገመድ፣ የከብት መኖና የማገዶ ምንጭ ነው። እንደሚባለው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጌራና የአስቦ ርስተኞች ይህን አገር «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት በጋራ ሲጠብቁት ኖረዋል። በየወገናቸው «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። አለቃው የሚመረጠው ተጠቃሚዎቹ በተሰበሰቡበት ነው። ጓሳው አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ ድርቁ ሲበረታ ወይም ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን ለሁሉም ይነገራል። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራው ለጥበቃ ይወጣል፤ ተራውን የቀረ ይቀጣል። ሥርዓቱን ጥሶ ሣር ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ሰው ቤቱ እስከ መፍረስ በሚደርስ ቅጣት ይቀጣ ነበር።

ይህን የማነሣው ያለፈውን ሁሉ ለማመስገን አይደለም። ቄሮ ጉድለት ነበረበት። መብቱ የርስተኞች ብቻ ነበር፤ ከጌራና ከአስቦ ትውልድ ያልተቈጠረ ሰው ጓሳው በደጁ እያለ ባዳ ነበር። ቅጣቱም እንደ ዘመኑ ጭካኔ አያጣውም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ትምህርት አለው። አባ ቄራ ሹመቱን ያገኘው ከሩቅ አይደለም፤ ሲያጠፋ የሚያዩት፣ ሲያዳላ የሚታዘቡት፣ ሣሩ ሲያልቅ አብረውት የሚቸገሩት ጎረቤቶቹ የመረጡት ሰው ነበር። ሥልጣኑ ለሚያስተዳድራቸው ሰዎች ቅርብ ስለነበረ፣ ያ ሣር ለመቶ ዓመታት ሳይጠፋ ቆየ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የርስት ሥርዓት አበቃ፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። በአዋጁ መሠረት ቢያንስ 800 ሄክታር መሬትን የሚያጠቃልሉ የገበሬዎች ማኅበሮች ተቋቋሙ፤ መሪዎቻቸውም በምርጫ የሚሰየሙ ሆኑ። አስቀድሞ ባዳ የነበረው ጭሰኛና ርስት የለሽ ሁሉ መራጭና ተመራጭ መሆኑ ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመታት ቆይተው የማኅበሩ መሪዎች የእህል ኮታ የሚሰበስቡ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለምሉ፣ ከበላይ የመጣውን ትእዛዝ ወደ ታች የሚያወርዱ ሆኑ። የመረጣቸው ገበሬ ሊጠይቃቸው ያልቻለ፣ የበላይ አካል ግን በማንኛውም ጊዜ ሊያነሣቸው የሚችል ስለሆነ ፊታቸውን ወደ ላይ አዞሩ። በዚያው ዘመን ጓሳው ጠባቂ አጥቶ ብዙ ተጎዳ። ኋላ ዙሪያውን ያሉት ቀበሌዎች ተመካክረው የጋራ የጥበቃ ኮሚቴ እስኪያቆሙ ድረስ ጉዳቱ አልተገታም። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የሚጠራው በዚህ ምክክር ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች እንማራለን። የመጀመሪያው፣ የአካባቢ አለቃን መምረጥ ለመንዝ ሰው እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ምርጫ የሚባለው ስም ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። የተመረጠው ሰው መልስ የሚሰጠው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ከምርጫው ቀን ይበልጣል።

የአገራችንን የምርጫ ታሪክ ባጭሩ ብንቃኘው ይኸው ጥያቄ በየዘመኑ ሲመላለስ እናያለን። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በመኳንንቱና በአካባቢው ሹማምት እንዲመረጡ አዘዘ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም እንዲመርጥ ፈቀደ፤ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይም ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ። በዚያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሰው ለአዲስ አበባው ፓርላማ እንደራሴ እንዲመርጥ ሲፈቀድለት የራሱን ወረዳ ገዥ የሚሾመው ግን አሁንም ከበላይ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ይህን ጉድለት ለማረም የታሰበ አንድ ሕግ ወጣ፤ እርሱም የአካባቢ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ነው። አውራጃዎች የተመረጠ ምክር ቤት እንዲኖራቸው፣ ትምህርትን፣ ጤናን፣ መንገድንና የመሳሰለውን በራሳቸው እንዲመሩ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ለሥራው የሚያስፈልገው የገንዘብ ሕግ በፓርላማ ሳይጸድቅ ስለቀረ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀረ። የሩቁን ምክር ቤት አባሎች ሕዝቡ ራሱ መርጦ የላካቸው ሲሆኑ፣ የቅርቡ ምክር ቤት እንዲወለድ አልረዱም። ሥልጣን ከያዘው እጅ በቀላሉ እንደማይወጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በየጊዜው ተካሄደ። በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ የመምረጥ መብት እንዳለው ደነገገ። በአንቀጽ 50 ደግሞ፣ ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጣቸው አዘዘ። ቃሉ ጥሩ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም በክልላችን ወረዳዎች በጥቅል የሚሰጣቸውን በጀት በራሳቸው ምክር ቤት እንዲደለድሉ ተደረገ። በ2000 ዓ.ም.ና በ2005 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተካሄዱት የአካባቢ ምርጫዎች ለውድድር የቀረቡት መቀመጫዎች በየጊዜው ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በ2005 ዓ.ም. ምርጫ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች የውድድሩ ሜዳ አልተስተካከለም ብለው ሳይሳተፉ ቀሩ፤ መቀመጫውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ያዙት። ቀጥሎ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ምርጫ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላለፈ። በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. አጠቃላይ ምርጫ በተካሄደ ጊዜም የወረዳና የቀበሌ ምርጫ አብሮ አልተካሄደም። በ2005 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ አድጎ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ኮሌጅ ገብቶ፣ ተመርቆ፣ ዛሬ እንደ እናንተ መምህር ሆኗል። ያ ልጅ የቀበሌውን ምክር ቤት መርጦ አያውቅም። የምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው ብለን በሥነ ዜጋ ትምህርት ያስተማርነው እኛው ነን።

እንግዲህ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ እኛን ምን ያገባናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

ውድ ባልደረቦቼ፤ ደመወዛችን የሚወጣው ከወረዳው በጀት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ከዚያ በጀት ውስጥ ትልቁ ድርሻ ለሠራተኛ ደመወዝ ይውላል፤ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ገንዘብ ግን ብዙ ነገር ይወስናል። ለየትኛው ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍል ይሠራ? የትኛው ምንጭ ይጎልብት? ወደ ቆላው የሚወርደው የእግር መንገድ ይጠገን ወይስ ለጽሕፈት ቤቱ ወንበር ይገዛ? ይህን የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። የመርሐቤቴ ሰው ከጀማ ሸለቆ ወደ ዓለም ከተማ ሲወጣ፣ የግሼ ሰው ወደ ራቤል፣ የማማ ሰው ወደ ሞላሌ ገበያ ሲሄድ እግሩ የሚረግጠው የዚያን ምክር ቤት ውሳኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ቀበሌ ስንወርድ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። የእርሻ መሬት ወሰን ክርክር መጀመሪያ የሚታየው በዚያ ነው። የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞች የሚሰየሙት በቀበሌው ምክር ቤት ነው። በልግ ሲጠፋና ገብሱን ውርጭ ሲመታው እርዳታ የሚገባው ማን ነው ተብሎ ስም የሚመዘገበው በዚያ ነው። በዚያ መዝገብ ስሙ የተዘለለ አባወራ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። እኛ በክፍል ውስጥ ስም ስንጠራ «የለም» የሚለው ድምፅ መነሻው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በቁጥርም እናስበው፤ የሒሳብ መምህራን ይታረሙኝ። አንድ የፓርላማ እንደራሴ የሚወክለው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሺህ በላይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ በውቅያኖስ ላይ እንደ ጠብታ ቢመስለን አይፈረድብንም። ለምሳሌ ያህል 5,000 ነዋሪ ያለበትን ቀበሌ ብንወስድና ግማሹ ለመምረጥ የደረሰ ነው ብንል መራጩ 2,500 ይሆናል። የቀበሌው ምክር ቤት 300 አባላት ቢኖሩት፣ ለአንድ አባል የሚደርሰው መራጭ ከዘጠኝ አይበልጥም። ዘጠኝ ሰው ማለት የአንድ ቀን ደቦ ነው። ድምፃችን ከሁሉ ይልቅ የሚከብድበት ሥፍራ ከሁሉ ይልቅ የናቅነው ሥፍራ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ፤ ሦስቱም በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም።

የመጀመሪያው፣ «አማራጭ በሌለበት ምን እንመርጣለን?» የሚለው ነው። ይህን ያለ ሰው ተሳስቷል አልልም። አንድ ዕጩ ብቻ የቀረበበት ምርጫ እንደ አንድ ሰው ፈረስ ግልቢያ ነው፤ ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ ይታወቃል። ነገር ግን አማራጭ ከሰማይ አይወርድም። በሕጉ መሠረት ሰው በግሉም መወዳደር ይችላል። በቀበሌያችን የተከበረ፣ የተማረ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው «እኔ ከዚህ ነገር የለሁበትም» ብሎ ሲሸሽ፣ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ለቦታው የማይገባ ሰው ይይዘዋል። ሸሽተን የተውነውን ወንበር የያዘውን ሰው መልሰን የምናማ እኛው ነን።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ «ምክር ቤቱ ሥልጣን የለውም፤ የሚወስነው የበላይ ነው» የሚለው ነው። ይህም ብዙ እውነት አለበት። 300 ሰው የተሰበሰበበት የቀበሌ ምክር ቤት እጅ ለማውጣት እንጂ አስተዳዳሪውን ለመጠየቅ አይመችም። ይሁን እንጂ ሌሎች አገሮች በዚህ ረገድ ያደረጉትን ብናይ ነገሩ ሊታረም የሚችል መሆኑን እንረዳለን። ሕንድ በ1985 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመንደር ምክር ቤቶች በየአምስት ዓመቱ የግድ እንዲመረጡ፣ አንድ ምክር ቤት ከዘመኑ በፊት ቢፈርስ እንኳ በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ እንዲደረግ ደነገገች። ከመቀመጫዎቹም ቢያንስ ሲሶው ለሴቶች እንዲሆን አዘዘች። ኋላ በዌስት ቤንጋልና በራጃስታን መንደሮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሴቶች በሚመሩት ምክር ቤት ለመጠጥ ውኃ የተሠራው ሥራ ከሌላው ይበልጥ ነበር። ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ አያስደንቀንም። ምንጩን የጠየቁኝ እናት በዕጩዎቹ መካከል ቢሆኑ ኖሮ ጥያቄው ሳይመለስ አይቀርም ነበር። በቄሮ ዘመን የእርሳቸው ቢጤ ሴት አባ ቄራ የመሆን ተስፋ አልነበራትም፤ ዛሬ ሕጉ ይፈቅድላታል። የተፈቀደውን እንዲፈጸም ማድረግ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ክልላችንን ያወከው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ባልደረቦቻችንን አሳድዷል፤ ብዙ ቤተሰብን ለሐዘን ዳርጓል። «ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ በሚጨነቅበት ዘመን ስለ ድምፅ መስጫ ሣጥን መናገር ምን ማለት ነው?» የሚል ሰው ቢኖር አልቆጣውም። እኔም ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬአለሁ። የማንም ወገን ጠበቃ ወይም ከሳሽ ሆኜ መናገር አልፈልግም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጎረቤትና ጎረቤት ስለ ምንጩ፣ ስለ ወሰኑ፣ ስለ እርዳታው መዝገብ የሚከራከርበትና የማይወደውን አስተዳዳሪ በሰላም የሚያነሣበት ሸንጎ ሲጠፋ፣ ቅሬታ አይጠፋም፤ መውጫ ብቻ ያጣል። መውጫ ያጣ ውኃ የሚያደርገውን የደጋ ገበሬ ያውቃል፤ እርሻውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የአካባቢ ምርጫ የሰላም ዘመን ቅንጦት አይመስለኝም። ሰላም ከሚጸናባቸው ምሰሶዎች አንዱ ነው እላለሁ። በጠመንጃ መካከል የሚደረግ ምርጫ ግን ምርጫ አይሆንምና፣ ቅደም ተከተሉን መሳት አይገባም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ትልልቅ ነገሮችን ትቼ በእጃችን ያሉትን አራት ነገሮች ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛ፣ እንመዝገብ። መራጭ ለመሆን በምርጫው ክልል ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። መምህር ተዘዋዋሪ ነው፤ ዛሬ ራቤል፣ ከርሞ መሐል ሜዳ። እኔ በየጊዜው «እዚህ እንግዳ ነኝ» እያልሁ መዝገቡን አለፍሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆኜ ቆየሁ። ሰው በሚያስተምርበት፣ ልጁን በሚያሳድግበት፣ ሬሳ በሚሸኝበት አገር እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛ፣ እንወቅ። የወረዳው በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ቆሞ የሚያነበው ስንቱ ነው? ማንበብ የምናስተምር ሰዎች ካላነበብነው ማን ሊያነበው ነው? ገበሬው «መምህር፣ ይህ ቁጥር ምን ይላል?» ሲለን የምንመልሰው ይኑረን። ማንን እንዲመርጥ ግን አንንገረው፤ ይህ የሙያችን ክብር ነው። ስለ ምን እንደሚመርጥ ማስረዳት ማንን እንደሚመርጥ ከመንገር ፈጽሞ የተለየ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ምርጫው ሕግ በሚያዝዘው ጊዜ እንዲካሄድ በማኅበራችን አማካይነት በአክብሮትና በጽናት እንጠይቅ። ይህ የፓርቲ ጉዳይ አይደለም። ለተማሪ «ፈተናው በሌላ ጊዜ ይሆናል» ብለን ዐሥር ዓመት ብናስጠብቀው ትምህርት ቤት አለ ማለት አይቻልም።

አራተኛ፣ እስከዚያው ድረስ ባሉን ምርጫዎች እንለማመድ። የእድር ዳኛ ይመረጣል፤ የሰበካ ጉባኤ ይመረጣል፤ የወላጅና መምህር ኅብረት ይመረጣል። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ስንቶቻችን እንገኛለን? ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍላችንን እንመልከት። የክፍሉን አለቃ የሚሾመው ማን ነው? እውነቱን እንናገር፤ እኛ ነን። ቁመቱ ረዘም ያለውን፣ ጉልበቱ በርታ ያለውን፣ ለእኛ የሚታዘዘውን ጠርተን «አንተ አለቃ ነህ» እንለዋለን። እርሱም የሚያወራ ተማሪ ስም እየጻፈ ለእኛ ያቀርባል። ፊቱን ወደ ላይ ያዞረ ሹም የሚሠራው እዚያ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሹመት ከበላይ እንደሚመጣ የሚማረው ከእኛ ነው።

እኔ በማስተማር ሥራዬ የመጨረሻ ዓመት ይህን ለመለወጥ ሞከርሁ። ከካርቶን ሣጥን ሠራን፤ ወረቀት ቆረጥን፤ ልጆቹ ከመጋረጃ ጀርባ እየገቡ ጻፉ፤ ሁሉም እያዩ ቆጠርን። የተመረጠችው ልጅ እኔ ከቶ አለቃ አደርጋታለሁ ብዬ ያላሰብኋት ቀጭን ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ ተሰብስበው ጠመኔና ደብተር የሚታደልበትን ተራ በተመለከተ ጠየቋት፤ እርሷም ተነሥታ መለሰችላቸው። እኔን አላዩም። በአርባ ዓመት አገልግሎቴ እንደዚያ ቀን ተንቄ የተደሰትሁበት ጊዜ የለም።

ውድ ባልደረቦቼ፤ የመንዝ ሴት ባናና በርኖስ ለመሥራት ጠጉሩን ስትፈትል አንዱን ክር ብቻውን ብትስቡት ይበጠሳል፤ ተሸምኖ ሲያበቃ ግን የጓሳን ብርድ ይመክታል። ድምፅም እንዲሁ ነው። አንዲቱ ብቻዋን ደካማ ናት፤ ነገር ግን ያለ አንዲቱ ክር የሚሸመን ልብስ የለም።

እኚያን እናት ከዚያ ቀን በኋላ አላገኘኋቸውም። ምንጩ ይጎልብት አይጎልብት ሳላውቅ ከዚያ ቀበሌ ተዛወርሁ። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ተዛውሯል። ዛሬ ለእናንተ አስረክቤዋለሁ፤ የሚቀጥለው የቀበሌ ምርጫ ቀን ሲደርስ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገቡ፣ «የምንጩን ነገር የሚያየው የትኛው ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔም፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ቢሰጠኝ፣ በዚያን ቀን ከቆጣሪዎቹ ወንበር ሳይሆን ከመራጮቹ ሰልፍ ላይ ታገኙኛላችሁ።